መኪናው ያልቆመበት ቦታ

ባለፈው ዓመት ከነቀምት ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ጉቴን አልፈን አኖ ሳንደርስ አውቶቡሳችን ቆመ። መንገዱ እየታደሰ ነበር። ከዳር በርሜል ጥደው ሬንጅ ያፈላሉ፤ ሽታው በመስኮት ገብቶ ጉሮሮ ይይዛል። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላና በመሐረብ ሸፈነ። እኔ ግን አንገቴን አስግጌ ውጭ ውጭውን አይ ነበር። ትንሿን ድልድይ አወቅኋት። ከጎኗ የነበረውን የብሳና ዛፍ ፈለግሁት፤ ተቆርጧል። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

«እማማ፣ ገና ነው እኮ፤ የት ሊሄዱ ነው?» አለኝ ረዳቱ።

«እዚህችን በእግሬ ላልፋት ነው። ከድልድዩ ወዲያ ጠብቁኝ።»

በሩን ከፈተልኝና ወደ ሾፌሩ ዞሮ «መኪና ይፈራሉ መሰለኝ» አለው። ሳቅ አልኩ፤ ደግ ሳቅ ግን አልነበረም። እኔም ልጅ ሳለሁ ስለ አካኮ የማስበው ይህንኑ ነበር።

አካኮ የምለው የአባቴን አባት፣ ኦቦ ፉፋን ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ነቀምት ውስጥ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። አባቴ መምህር ነው። አኖ ዘመዶች ስለነበሩን ለለቅሶም ለሠርግም በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን እንሄዳለን። ታዲያ ይህች ድልድይ ጋ ስንደርስ አካኮ በዱላው የጋቢናውን ጣሪያ ይደበድባል። መኪናው ይቆማል፤ እሱ ይወርዳል። ባርኔጣውን ያወልቅና መንገዱን ትቶ በቦዩ ዳር፣ በሣሩ ላይ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ብሳናውን ካለፈ በኋላ ቆሞ ይጠብቀናል። ሾፌሮች ይሰድቡታል፤ ተሳፋሪዎች ይስቁበታል። የክፍሌ ልጆችማ «የሶሬቲ አያት ድልድይ ይፈራል» ብለው ስም አወጡልን። እኔ አፍር ነበር። እሁድ እሁድ በልጆች ትምህርት ላይ የጸሎት ርዕስ ስንጠየቅ፣ ጌታ የአካኮን የድልድይ ፍርሃት እንዲያስለቅቀው አስጸልይ ነበር። አስተማሪያችን ዓይኗን ጨፍና «አሜን» ትላለች፤ አካኮ ግን በሚቀጥለው ጉዞ ያው መውረዱ ነው።

በዚያ ዓመት አባቴ አንድ ሐሳብ መጣለት። ሚያዝያ ሃያ ሰባት፣ የድል በዓል ሲመጣ፣ ተማሪ ሁሉ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውልና ንግግር ሰምቶ ይበተናል። የዘንድሮው እንዲህ አይሆንም አለ። የትምህርት ቤቱን ትልልቅ ልጆች በመኪና ጭነን ጦርነቱ የነበረበትን ቦታ እናሳያቸዋለን፤ ጠዋት ወጥተን ማታ እንመለሳለን። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ዛሬም ቢሆን ጥሩ ሐሳብ ነበር እላለሁ፤ የሚያንገበግበኝም እሱው ነው።

የእንግዳ ክፍላችን የዕቅድ ቢሮ ሆነ። አባቴ ከትምህርት ቤት አሮጌ ሰሌዳ አምጥቶ ግድግዳው ላይ አቆመ። ሰሌዳው ነጣ ብሎ ስለነበር ማጥቆሩ ለእኔ ተሰጠ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ እሰብርና የውስጡን ከሰል በድንጋይ እፈጫለሁ፤ ከእርጥብ ቅጠል ጋር አሽቼ ሰሌዳውን እቀባለሁ። እጄ እስከ ክርኔ ይጠቁራል፤ እናቴ ትጮሃለች፤ እኔ ደስታዬ ወሰን የለውም። ሲደርቅ አባቴ ከነቀምት እስከ አኖ አንድ ረጅም መስመር አሰመረ። ያ መንገዱ ነው። በመስመሩ ላይ የምንቆምባቸው ቦታዎች በክብ ምልክት ይደረግባቸዋል። ጉቴ አጠገብ የጣሊያን ካምፕ የነበረበት ሜዳ አንድ ክብ ሆነ። መጨረሻው ከአኖ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ የፈረሰው ምሽግ ነው፤ አርበኞቹ ሌሊት ገብተው የያዙት። ለእሱ ትልቅ ቀይ ክብ ተደረገለት፤ ቀዩን ጠመኔ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ የጉዞው ሆነ። ውሃ በምን እንያዝ፣ ከበሮ ማን ይምታ፣ መኪና ላይ ለሚያስመልሳቸው ልጆች ሎሚ ይገዛ አይገዛ። ዳቦውን አቶ ምትኩ ሊያስጋግሩ ቃል ገቡ። አቶ ምትኩ ከጎጃም መጥተው ነቀምት ሱቅ የከፈቱ ደግ ሰው ናቸው። ብዙ ዓመት ኖረውም ኦሮምኛቸው ከ«ስንት ነው» እና «ቀንስ» አላለፈም። ስብሰባ ላይ ሌላው ስለ ታሪክ ሲያወራ እሳቸው ዳቦው ፀሐይ ላይ እንዳይደርቅ ይሟገታሉ።

መኪናውን ሊሰጥ ቃል የገባው ግራዝማች መኩሪያ ነው። በልጅነቴ ስሙን ያለ «እርስዎ» አልጠራውም ነበር፤ ዛሬ አንቱ ልለው ምላሴ እንቢ ይለኛል። ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ባለቤት፣ የገዢው ወዳጅ፣ የጉዞው ኮሚቴ የክብር ሊቀመንበር ነው። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ጣሊያንኛም ውሃ ነው። የወርቅ ጥርስ አለው። ኪሱ ከረሜላ አይጠፋበትም። በበዓል ቀን ኮቱ ላይ ኒሻን ደርድሮ ሲወጣ ከተማው ሁሉ ይሰግድለታል። በጣሊያን ጊዜ ምን ነበር ብዬ አባቴን ስጠይቀው «የውስጥ አርበኛ» አለኝ። እንደ ገባኝ ከሆነ ሌሎቹ ጫካ ውስጥ ሲዋጉ እሱ ቤት ውስጥ ሆኖ ይዋጋ ነበር። በመስኮት ሲተኩስ ይታየኝ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አካኮ ከደጅ ገባና ከሰሌዳው ፊት ቆመ።

«ቀነአ» አለው አባቴን፣ «ይህ መስመር መንገዱ ነው?»

«ኤዬ፣ አባ።»

«ድልድዩስ የት ነው?»

አባቴ በጠመኔው ነካ አድርጎ አሳየው። አካኮ ጣቱን እዚያው ላይ አኖረ።

«እዚህ ጋ ቁሙ።»

«ምን አለ እዚያ አባ? ምሽግ የለ፣ ውጊያ አልነበረ።»

«ቶሌራ አለ።»

ቶሌራ የአካኮ ታናሽ ወንድም ነው። ቤታችን ውስጥ «በጣሊያን ጊዜ የሞተው» ከመባል በቀር ምንም ተብሎለት አያውቅም። አካኮ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና በኦሮምኛ፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ ነገረን። ጣሊያን መንገዱን ሲሠራ የየመንደሩን ወንድ ሰብስቦ ድንጋይ አሸከመ። እነሱም ሁለቱም ተወሰዱ። ቶሌራ ወባ ይዞት ነበር። ድንጋይ እንደ ተሸከመ፣ ለመንገዱ መሠረት በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። በነጩና በእነሱ መካከል ሆኖ የሚያዝዝ፣ የእኛው ሰው የሆነ ካፖ ነበረ። ካፖው በአለንጋ መታው፤ አልተነሳም። ያን ቀን ነጩ አለቃ ሥራ ሊያይ ይመጣል፤ ጉድጓዱ አልተሞላም።

«ጊዜ የለም አለ ካፖው» አለ አካኮ። «ድንጋይ ጨምሩበት አለ። አካፋው በእኔ እጅ ነበር።»

«ሞቶ ነበር?» አለ አባቴ።

አካኮ መዳፎቹን አየ። «ጎንበስ ብዬ እንዳየው አልፈቀደልኝም።»

እናቴ የጓዳውን በር ይዛ ቆማ ነበር፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለእናታችን ጅብ በላው አልኳት» አለ አካኮ። «እንግዲህ መንገዱ መቃብሩ ነው። ሰው በመቃብር ላይ ተቀምጦ አይሄድም፤ ስለዚህ እወርዳለሁ። አሁን ልጆቹን ታሪክ ላሳያቸው ካልክ እዚያ ጋ አውርዳቸው። ሰርዶ እናኑርበት፤ ስሙን አንድ ጊዜ ይስሙት። ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ማሎ፣ ኢልማ ኮ።»

ልጄ ሆይ፣ እባክህ ማለቱ ነው። አባት ልጁን ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አባቴ አለቀሰ። ጠመኔውን ለእኔ ሰጠኝና «አንቺ ሥሪው» አለኝ። ሰማያዊውን መርጬ፣ በድልድዩ አጠገብ፣ ከሁሉም ያነሰች ክብ ሠራሁ። አካኮ ድልድይ እንደማይፈራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለጓደኞቼ እስክነግራቸው ድረስ ቸኩዬ ነበር።

የመጨረሻው ስብሰባ ቤታችን ሆነ። ግራዝማች ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አቶ ምትኩ ከጎኑ። እናቴ ሻይ ቀዳች። አካኮ በሩ አጠገብ በርጩማው ላይ ነው፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሯል። ግራዝማች በኦሮምኛ «አከም ጂርቱ፣ ኦቦ ፉፋ?» ብሎ በአክብሮት ሰላም አለው። አካኮ «ናጋ» ብቻ አለው። ግራዝማች ሰሌዳውን በከዘራው እየተከተለ፣ ጥሩ ነው ጥሩ ነው እያለ መጣና ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ ሰማያዊዋ ምንድን ናት?»

«የቶሌራ ቦታ ናት!» አልኩ እኔ ቀድሜ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ በመንገዱ ሥራ ጊዜ የሞቱትን ለማስታወስ ያህል ለትንሽ ጊዜ ብንቆም ብለን ነው።»

«መንገድ ሠራተኛ?» አለ ግራዝማች ሳቅ ብሎ። «መምህር፣ ይህ የአርበኞች ጉዞ ነው። ለጣሊያን ድንጋይ የተሸከመውን ሁሉ ስንቆጥር ልንውል ነው?»

«ኧረግ! ዳቦውስ ምን ሊሆን?» አሉ አቶ ምትኩ።

ይሄኔ አካኮ ከተቀመጠበት ሳይነሳ በኦሮምኛ ተናገረ። «አንተ» ነው ያለው፤ በከተማው ውስጥ ግራዝማችን አንተ የሚለው ሰው አልነበረም።

«ቦታውን ታውቀዋለህ። በቅሎ ላይ ተቀምጠህ ድንጋይ ጨምሩበት ያልከው አንተ ነህ። የሸፈንኩት እኔ ነኝ። እኔ በደረስኩ ቁጥር እወርዳለሁ። አንተም አንድ ቀን ውረድ።»

የአባቴ ፊት አመድ መሰለ፤ እሱም የካፖውን ማንነት የሰማው ገና ያን ጊዜ ነበር። ነገሩ ያልገባቸው አቶ ምትኩ ብቻ ናቸው። ፊታችንን በየተራ አዩና «ምን አሉ ሽማግሌው?» ብለው ጠየቁ።

ግራዝማች የወርቅ ጥርሱን አሳየ። «ልጆቹን እግዚአብሔር በሰላም አድርሶ ይመልሳቸው ነው የሚሉት» አለ።

«አሜን፣ አሜን!» አሉ አቶ ምትኩ።

በጣሊያን ጊዜ ሥራው ማስተርጎም እንደነበረ ኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ የመሰለኝ ተሳስቶ ነው። እንዲህ አይደለም ያለው ልል አፌን ስከፍት እናቴ ከጓዳው በር በዓይኗ ገደለችኝ። ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ እንኳን ይህን የመሰለ ስህተት፣ በደብተሬ ላይ የተጣመመች ፊደል አያልፍም ነበር። ያርመዋል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ዳስተሩን አነሳና ሰማያዊዋን ክብ አጠፋት። «እንዳሉት ይሁን፣ ጌታዬ» አለ።

ምን ፈርቶ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። በዚያ ዓመት ርዕሰ መምህር ለመሆን አመልክቶ ነበር፤ የግራዝማች አንዲት ቃል ደግሞ አንድን መምህር ልትሾመውም፣ በበረሃ ወዳለ ትምህርት ቤት ልታስጥለውም ትችል ነበር። ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደልኝም። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ወደ አካኮ ጠጋ ብሎ «አባ፣ ሰሌዳው ላይ ባይኖርም በዕለቱ ሾፌሩን እኔ አስቆመዋለሁ። እመነኝ» አለው። አካኮ ሽቅብ አየውና «እሺ» አለ። አመነው። ልጁ ነዋ።

በበዓሉ ጠዋት አካኮ ገና ሳይነጋ ተነስቶ፣ ጤዛው ያልረገፈ ሰርዶ አጭዶ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ነበር። ደህናውን ካፖርቱን ለብሷል። መኪናው ላይ ወጥተን ገመድ ይዘን ቆምን። እሱ እኔ አጠገብ፣ ከጋቢናው ኋላ ተቀመጠ። አባቴ ከፊት፣ በሾፌሩና በግራዝማች መሐል ነበር። ጉቴ ስንደርስ ወረድን፤ የጣሊያን ካምፕ የተባለው ሜዳ ላይ ላሞች ይግጣሉ። አባቴ ስለ ካምፑ ያስረዳል፤ ልጆቹ ስለ ዳቦው ይጠይቃሉ። ተመልሰን ተሳፈርን።

የብሳናው ዛፍ ከሩቅ ሲታይ አካኮ ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ። በዱላው የጋቢናውን ጣሪያ መታ። መኪናው ፍጥነቱን አልቀነሰም። ደግሞ መታ። ልጆቹ የመዝሙሩ ምት መስሏቸው አብረውት የመኪናውን ጎን መደብደብ ጀመሩ። እኔ በጋቢናው የኋላ መስኮት አጎንብሼ አየሁ። የአባቴ ማጅራት ይታየኛል፤ የግራዝማች እጅ ትከሻው ላይ ተጋድሟል። «አባዬ! አባዬ!» ብዬ መስታወቱን መታሁ። ማጅራቱ ቀላ፤ ፊቱ ግን አልዞረም። ሾፌሩ ነዳጁን ረገጠ። ብሳናው በጎናችን አለፈ፤ ድልድይዋ ከሥራችን ነጎደች።

አካኮ አልጮኸም። ቀስ ብሎ ተቀመጠና ጥቅሉን ደረቱ ላይ ያዘ። ይህን ሁሉ ዓመት በእግሩ ሲያልፈው ኖሮ፣ ወንድሙ ላይ በመኪና ተቀምጦ የሄደው ገዛ ልጁ ታሪክ ላሳይ ባለበት ቀን ነው። ጎረቤቴ የነበረችው ልጅ «ሶሬቲ፣ አያትሽ ድልድይ አለፈ!» ብላ አጨበጨበች። ሎሚዬን ወረወርኩባት።

ከአኖ በላይ ኮረብታው ላይ የተረፈው ምሽግ ጥቂት የተደረደረ ድንጋይ ነው። ግራዝማች ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ስለ ጀግንነቱ ነገረን፤ ረጅም ነበር። ዳቦው ታደለ፤ አልደረቀም። በአገሩ ወግ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ምርቃት አይዘጋም። ምርቃቱ ደግሞ የሸመገለው ሰው ድርሻ ነው፤ እርጥብ ሣር ይይዝና ይመርቃል፣ ሌላው «ሐ ተኡ» ይላል፤ ይሁን ማለት ነው። ከሁሉም የሸመገለው አካኮ ነበር፤ ሰርዶውም በእጁ ነበር። ግራዝማች ይህን ወግ ከማንም በላይ ያውቃል። በሰው ሁሉ ፊት «ኦቦ ፉፋ ይመርቁን» አለ።

አካኮ ተነሳ። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። ግራዝማችን አየው፤ አባቴን አየው። ከዚያ ሰርዶውን ኮባው ውስጥ መልሶ ጠቀለለና ተቀመጠ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ መርቅ ተብሎ እንቢ አይልም። እንቢ ካለ ከእርግማን የሚለየው በጥቂቱ ነው። ትልልቆቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ልጆቹ የተዘረጋ እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት አላወቁም። የግራዝማች ፊት ለአንድ አፍታ ጠቆረ፤ ቶሎ ሳቀና «ሽማግሌው ደክሟቸዋል። መምህር፣ አንተ መርቀን» አለ።

አባቴ አባቱን አላየውም። ከእግሩ ሥር ሣር ነጨና እጁን አነሳ። የመከሩን ቸርነት፣ የልጆቹን እድገት፣ የጃንሆይን ዕድሜ ለመነ። በመጨረሻም «ይህን መንገድ ላሳዩን ለግራዝማች ዕድሜና ጤና» አለ። ኮረብታው በሙሉ «ሐ ተኡ!» አለ።

ለመመለስ ስንሳፈር አካኮ መኪናው ላይ አልወጣም። ዱላውንና ጥቅሉን ይዞ ቁልቁለቱን በእግሩ ጀመረው። አባቴ ወርዶ ተከተለው፤ እጁን ይዞ የሆነ ነገር አለው። አካኮ እጁን አስለቀቀና «ሂድ፤ ጌታህ ይጠብቅሃል» አለው። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። መኪናችን ቁልቁል ሲያልፈው ቦዩ ውስጥ ቆሞ አቧራውን አሳለፈ።

ነቀምት የደረሰው በማግስቱ ማታ ነው። እግሩ አብጧል፣ ጥቅሉ እጁ ላይ የለም። እናቴ እግሩን በሙቅ ውሃ አጠበችለት። ሲነጋ መጽሐፍ ቅዱሱንና ብርድ ልብሱን ይዞ አርጆ ወዳለችው ወደ አክስቴ ሄደ፤ እስኪሞትም እዚያው ኖረ። አባቴ ርዕሰ መምህር ሆነ። ጉዞው ተወደደና በዓመቱ ተደገመ። ሰሌዳውን አጥቁሪ ተባልኩ፤ አጠቆርኩ። መስመሩ ያው፣ ክቦቹም ያው ነበሩ። ሰማያዊው ጠመኔ ሣጥኑ ውስጥ ነበረ፤ የነካው የለም።

እና ባለፈው ዓመት፣ ሬንጁ እየሸተተኝ፣ ከቦዩ ዳር ሰርዶ ነጨሁ። ዳምጠው የሚሉት ከባዱ መኪና አዲሱን ሬንጅ እየዳመጠ ወደ እኔ ይመጣል። መሐል መንገድ ላይ ቆሜ እጄን አነሳሁ። ነጂው ሞተሩን አጠፋ።

«አዴ፣ ምን አለ እዚህ?» አለኝ ከላይ ሆኖ።

«ሰው አለ» አልኩት።

ከፊቴ ያለውን መንገድ አየ፤ እኔን አየ። ቆቡን አወለቀ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ጎንበስ ብዬ ሰርዶውን አኖርኩና «ቶሌራ» አልኩ፣ እሱም እንዲሰማው ጮክ ብዬ። ቀና ስል አሁንም ቆቡን እንደያዘ ነው።

«ልንዳ፣ አዴ?»

«ንዳ፣ ልጄ።»

ሥራው ነው፤ ነዳ። ዞር ብዬ አውቶቡሳችንን ፈለግሁ። ድልድዩን ገና አልተሻገረም፤ የወረድኩበት ቦታ ላይ እንደቆመ ነበር።